በሊኑክስ ኮምፒውተሮች ላይ የኤንኤፍኤስ ነባሪ የማውንት አማራጮችን ማስተካከል፦ የአሠራር መመሪያ

የጋራ ሰነዶች በአንድ ሰርቨር ላይ ተቀምጠው ብዙ የሊኑክስ ኮምፒውተሮች በኤንኤፍኤስ (በኔትወርክ ላይ ፎልደር በሚያጋራው ሥርዓት) አማካይነት በሚጠቀሙበት መሥሪያ ቤት ውስጥ፣ ችግር የሚጀምረው ብዙውን ጊዜ ከሰርቨሩ ሳይሆን ከክላየንቶቹ፣ ማለትም ሰርቨሩን ከሚጠቀሙት ኮምፒውተሮች፣ አለመመሳሰል ነው። አንዱ ኮምፒውተር ከዓመታት በፊት በተጻፈ መስመር፣ ሌላው ከኢንተርኔት በተገለበጠ መስመር፣ ሦስተኛው ደግሞ ምንም አማራጭ ሳይጻፍበት ማውንት ይደረጋል፣ ማለትም የሰርቨሩ ፎልደር ከራሱ ፎልደሮች ጋር ይያያዝበታል። ሰርቨሩ ለጥቂት ደቂቃዎች ሲቋረጥ ታዲያ አንዱ ኮምፒውተር ይጠብቃል፣ አንዱ ጽሕፈቱን በመካከል አቋርጦ የተበላሸ ፋይል ይተዋል፣ አንዱም ገና ሲነሳ ቆሞ ይቀራል። የሲስተም ኃላፊው የአንዱን ኮምፒውተር ጠባይ አይቶ የሌላውን መገመት አይችልም።

ለዚህ የተዘጋጀ መፍትሔ በሊኑክስ ውስጥ አስቀድሞ አለ። ኤንኤፍኤስን ማውንት የሚያደርገው ፕሮግራም ሥራውን ከመጀመሩ በፊት አንድ የማስተካከያ ፋይል ያነባል፤ በዚህ ፋይል የተጻፈው አማራጭ ለሁሉም ማውንቶች፣ ወይም ለአንድ ሰርቨር፣ ወይም ለአንድ የማውንት ቦታ ብቻ ነባሪ፣ ማለትም ሌላ ካልተጻፈ የሚሠራ፣ ሆኖ ያገለግላል። ይህ መመሪያ ያንን ፋይል እንዴት እንደሚጽፉት፣ የትኛው አማራጭ በእርሱ ውስጥ የትኛው ደግሞ በኤፍኤስታብ (ኮምፒውተሩ ማውንት የሚያደርጋቸው ፎልደሮች በሚዘረዘሩበት ፋይል) ውስጥ መቀመጥ እንዳለበት፣ በመጨረሻም የጻፉት ነገር በእርግጥ መሥራቱን እንዴት እንደሚያረጋግጡ ያሳያል። መመሪያው ሰርቨሩ ተዘጋጅቶ ፎልደሮቹን እያጋራ መሆኑን፣ እርስዎም በክላየንቱ ላይ የሩት (የዋና አስተዳዳሪ) ሥልጣን እንዳለዎት ታሳቢ ያደርጋል።

ስለ አጻጻፉ አንድ ነገር አስቀድሞ መታወቅ አለበት። የትዕዛዞች፣ የፋይሎችና የአማራጮች ስም እዚህ በንባቡ መሠረት በፊደላችን ተጽፏል፤ በተርሚናል ላይ ሲያስገቡት ግን በላቲን ትንንሽ ፊደላት፣ ያለ ክፍተት ይጻፋል። ነጥብ፣ ሰረዝ፣ የእኩል ምልክትና ቁጥር እንዳሉ ይቀመጣሉ። በምሳሌዎቹ ውስጥ ያሉት የሰርቨር ስሞች «ማህደር» እና «አሮጌ»፣ እንዲሁም የፎልደር ስሞቹ፣ በራስዎ ስሞች የሚተኩ ናቸው።

አንደኛ ደረጃ፦ አሁን ያለውን ሁኔታ መመዝገብ

ምንም ነገር ከመንካትዎ በፊት የኤንኤፍኤስ መሣሪያዎች መጫናቸውን ያረጋግጡ። በዴቢያንና በኡቡንቱ ፓኬጁ ኤንኤፍኤስ-ኮመን ይባላል፤ በሬድ ሃትና በዘመዶቹ፣ ማለትም በፌዶራ፣ በሮኪና በአልማ፣ ኤንኤፍኤስ-ዩቲልስ ይባላል። ከዚያም «ኤንኤፍኤስስታት -ኤም» የሚለውን ትዕዛዝ ያስኪዱ። ትዕዛዙ እያንዳንዱን ማውንት ከነአማራጮቹ ይዘረዝራል፤ የሚመልሰውም የሚከተለውን ይመስላል፦

/ኤምኤንቲ/ሰነድ ፍሮም ማህደር:/ዳታ/ሰነድ
ፍላግስ: አርደብሊው,ሬልኤታይም,ቨርስ=4.2,አርሳይዝ=1048576,ደብሊውሳይዝ=1048576,ናምለን=255,ሃርድ,ፕሮቶ=ቲሲፒ,ታይምኦ=600,ሪትራንስ=2,ሴክ=ሲስ

ይህን ውጤት በአንድ ፋይል ያስቀምጡት፤ ከለውጡ በኋላ የሚያነጻጽሩት ከእርሱ ጋር ነው። በጥሞናም ያንብቡት፤ ምክንያቱም እዚህ የተዘረዘረው ሰው የጻፈው ሳይሆን ከርነሉ (የሊኑክስ እምብርት) ከሰርቨሩ ጋር ተደራድሮ በመጨረሻ የተስማማበት ነው። ለምሳሌ አንድ ሰው በኤፍኤስታብ ውስጥ የንባብ መጠኑን (አርሳይዝ፣ በአንድ ጥያቄ የሚነበበውን) አራት ሜጋባይት ብሎ ጽፎ ሊሆን ይችላል፤ ይሁንና ከላይ እንደሚታየው የሚፈቀደው ከፍተኛ መጠን 1048576 ባይት፣ ማለትም አንድ ሜጋባይት ስለሆነ ከዚያ አያልፍም።

በዚሁ መስመር ላይ ያለው ሬልኤታይም ብዙዎችን ያሳስታል። ፋይል በተነበበ ቁጥር የሚመዘገበውን የንባብ ሰዓት ለማስቀረትና ፍጥነት ለመጨመር ሲባል «ኖኤታይም» የሚለውን አማራጭ በኤንኤፍኤስ ማውንቶች ላይ የሚጽፉ አሉ። ይህ አማራጭና ዘመዶቹ በኤንኤፍኤስ ላይ ምንም ውጤት የላቸውም፤ የንባብ ሰዓትን የሚመዘግበው ሰርቨሩ በመሆኑ ለውጡ መደረግ ያለበት በሰርቨሩ ዲስክ ማውንት ላይ ነው። ስለዚህ ከነባሪዎች ዝርዝርዎ ያውጡት።

ሁለተኛ ደረጃ፦ ፋይሉ እንዴት እንደሚነበብ መረዳት

ፋይሉ የሚገኘው በ/ኢቲሲ/ኤንኤፍኤስማውንት.ኮንፍ ነው። ቀድሞ ካለ አብዛኛውን ጊዜ ሁሉም መስመሮቹ በፊታቸው የመሰላል ምልክት (#) ተደርጎባቸው ተዘግተው ያገኟቸዋል፤ ከሌለ ባዶ ፋይል መፍጠር በቂ ነው። በአዳዲስ ስሪቶች ላይ ደግሞ /ኢቲሲ/ኤንኤፍኤስማውንት.ኮንፍ.ዲ የሚባል ፎልደር ካለ፣ በውስጡ ያሉና ስማቸው በ«.ኮንፍ» የሚያልቅ ፋይሎች ሁሉ አብረው ይነበባሉ። ብዙ ኮምፒውተሮችን የሚያስተዳድር ሰው የራሱን ፋይል በዚህ ፎልደር ውስጥ ቢያስቀምጥ ይሻለዋል፤ ፓኬጁ ሲታደስ ዋናው ፋይል ቢለወጥም የእርሱ አይነካበትም።

ፋይሉ ሦስት ዓይነት ክፍሎች ሊኖሩት ይችላል። የመጀመሪያው አጠቃላይ ክፍል ሲሆን በኮምፒውተሩ ላይ ላለ ማንኛውም የኤንኤፍኤስ ማውንት ያገለግላል። ሁለተኛው የሰርቨር ክፍል ነው፤ ስሙ በተጠቀሰው ሰርቨር ላይ ላሉ ማውንቶች ብቻ ይሠራል። ሦስተኛው የማውንት ቦታ ክፍል ነው፤ ለአንድ ፎልደር ብቻ ይሠራል። ፕሮግራሙ የሚያነበው ግን ከጠባቡ ወደ ሰፊው ነው፤ አስቀድሞ በትዕዛዙ ወይም በኤፍኤስታብ መስመር የተጻፈውን ይይዛል፣ ቀጥሎ የማውንት ቦታውን፣ ከዚያ የሰርቨሩን፣ በመጨረሻም አጠቃላዩን ክፍል ያያል። አንድ አማራጭ አንድ ጊዜ ከተገኘ በኋላ በሰፊው ክፍል ውስጥ ደግሞ ቢመጣ ችላ ይባላል። በሌላ አነጋገር ጠባቡ ሰፊውን ይረታል፣ በእጅ የተጻፈው ደግሞ ሁሉንም ይረታል።

ይህ ቅደም ተከተል አንድ ተግባራዊ ግዴታ ያስከትላል። በኤፍኤስታብ ውስጥ «ታይምኦ=14» ብሎ የተጻፈ አሮጌ መስመር እስካለ ድረስ በአዲሱ ፋይል ውስጥ ስለ ታይምኦ (ስለ መልስ መጠበቂያው ጊዜ) የሚጽፉት ሁሉ ለዚያ ማውንት ከንቱ ነው። ስለዚህ ነባሪዎችን መጻፍ ማለት አዲስ መስመር መጨመር ብቻ አይደለም፤ ከኤፍኤስታብ አሮጌዎቹን አማራጮች ማስወገድም የሥራው ግማሽ ነው።

የስም መዛመድም ጥንቃቄ ይፈልጋል። በሰርቨር ክፍል ራስጌ ላይ በትምህርተ ጥቅስ ውስጥ የሚጻፈው ስም በማውንት ትዕዛዙ ውስጥ ካለው የሰርቨር ስም ጋር በትክክል አንድ መሆን አለበት። ራስጌው «ማህደር» እያለ ኤፍኤስታብ ውስጥ 192.168.10.5 ተብሎ ከተጻፈ፣ ሁለቱ አንድ ማሽን መሆናቸውን ፕሮግራሙ አይመረምርም፤ ክፍሉ ሳይነበብ ያልፋል፣ የስህተት መልእክትም አይሰጥም። የማውንት ቦታውም እንዲሁ በትእዛዙ ውስጥ እንደተጻፈው መሆን አለበት። በዝምታ የሚታለፍ ስህተት ከሁሉ የከፋ በመሆኑ በሁሉም ኮምፒውተሮች ላይ ሰርቨሩን በአንድ ስም ብቻ ለመጥራት ቀድመው ይወስኑ።

ሦስተኛ ደረጃ፦ ፋይሉን መጻፍ

የሚከተለው ለአንድ መካከለኛ መሥሪያ ቤት የሚበቃ ምሳሌ ነው። የአጠቃላዩን ክፍል ራስጌ በእጅ ከመጻፍ ይልቅ ከነበረው ፋይል ወይም ከማኑዋሉ ገጽ ቢገለብጡት ይመረጣል፤ ረጅም ስለሆነ ፊደል ለመግደፍ ቀላል ነው።

# ለሁሉም የኤንኤፍኤስ ማውንቶች
[ ኤንኤፍኤስማውንት_ግሎባል_ኦፕሽንስ ]
ፕሮቶ=ቲሲፒ
ኤንኮኔክት=4

# ዋናው የሰነድ ሰርቨር
[ ሰርቨር "ማህደር" ]
ኤንኤፍኤስቨርስ=4.2

# የቀድሞው ማከማቻ
[ ሰርቨር "አሮጌ" ]
ኤንኤፍኤስቨርስ=3

# ለንባብ ብቻ የሚያገለግሉ ቅጾች
[ ማውንትፖይንት "/ኤምኤንቲ/ቅጾች" ]
ኤሲታይምኦ=300

ምሳሌው አጭር የሆነው ሆን ተብሎ ነው። ከርነሉ ራሱ በትክክል የሚያደርገውን ነገር ደግሞ መጻፍ ፋይሉን ያረዝመዋል እንጂ አያሻሽለውም፤ ዓመታት ካለፉ በኋላም ከርነሉ የተሻለ ነባሪ ቢያገኝ የእርስዎ መስመር ያግደዋል። ከሊኑክሱ አከፋፋይ (ለምሳሌ ከዴቢያን ወይም ከፌዶራ) ጋር በመጣው ናሙና ፋይል ውስጥ የተዘጉትን መስመሮች ምልክታቸውን እያነሱ መክፈት አደገኛ ልማድ የሆነውም ለዚህ ነው። በናሙናው ውስጥ የንባብና የጽሕፈት መጠን ስምንት ኪሎባይት ተብሎ ተቀምጦ ይታያል፤ ይህ የአጻጻፉን መልክ ለማሳየት የተቀመጠ እንጂ ምክር አይደለም። መስመሩን የከፈተ ሰው አንድ ሜጋባይት በአንድ ጥያቄ ያነብ የነበረውን ክላየንት አንድ መቶ ሃያ ስምንት ጥያቄ እንዲልክ ያስገድደዋል። አርሳይዝና ደብሊውሳይዝ ሳይጻፉ ከቀሩ ክላየንቱና ሰርቨሩ ሁለቱም የሚችሉትን ትልቁን መጠን ራሳቸው ይስማማሉ፤ ይህም ከሞላ ጎደል ሁልጊዜ ትክክል ነው።

ስለ ስሪት ቁጥሩ ሁለት የተለያዩ አማራጮች መኖራቸውን ልብ ይበሉ። «ኤንኤፍኤስቨርስ» አስገዳጅ ነው፤ ሰርቨሩ ያንን ስሪት የማይናገር ከሆነ ማውንቱ ይከሽፋል። «ዲፎልትቨርስ» ግን ድርድሩ ከየት እንደሚጀመር ብቻ ይናገራል፤ ሰርቨሩ ካልቻለ ወደ ታች ይወርዳል። ሰርቨሩን በደንብ ለሚያውቁትና በአንድ ስሪት ብቻ እንዲሠራ ለሚፈልጉት አስገዳጁን በሰርቨሩ ክፍል ውስጥ ይጻፉ፤ በአጠቃላዩ ክፍል ውስጥ ግን አስገዳጁን አይጻፉ፤ አንድ ቀን የሚመጣ እንግዳ ሰርቨር ያለ ግልጽ ምክንያት እንቢ ይላል። ኤንኤፍኤስ በሰን ማይክሮሲስተምስ በ1984 (እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር) ከተሠራ ወዲህ ሦስተኛው ስሪት በ1995፣ 4.2 ደግሞ በ2016 በይፋ ሰነድ ወጥተዋል፤ ስለዚህ ዕድሜ ጠገብ የማከማቻ ሳጥን ሦስተኛውን ብቻ ቢያውቅ አያስገርምም። በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት በፋየርዎል ላይም ይታያል፦ አራተኛው ስሪት ከሰርቨሩ በኩል 2049 ፖርት ብቻ ይበቃዋል፤ ሦስተኛው ግን 111 ፖርትንና የማውንት አገልግሎቱን ፖርት ጭምር ይፈልጋል።

ኤንኮኔክት ወደ አንድ ሰርቨር ስንት የቲሲፒ መስመር (የኔትወርክ ግንኙነት) እንደሚከፈት ይወስናል። ከ5.3 ከርነል ጀምሮ ያለ ሲሆን እስከ 16 ይቀበላል። ፈጣን ኔትወርክ ላይ አንድ የቲሲፒ መስመር ሙሉውን ፍጥነት መጠቀም ሲያቅተው አራት መስመር ግልጽ ለውጥ ያመጣል፤ በአንድ ጊጋቢት ኔትወርክ ላይ ያለ ጥቂት ተጠቃሚ ያለው ቢሮ ግን ብዙም ላያስተውለው ይችላል። ከ5.3 በታች የሆነ ከርነል ያለው ኮምፒውተር ካለዎት ይህን መስመር ለእርሱ አይስጡት።

ኤሲታይምኦ የፋይሎችን ባሕርይ፣ ማለትም መጠን፣ ባለቤትና የተለወጡበትን ሰዓት፣ ክላየንቱ ሰርቨሩን ሳይጠይቅ ስንት ሰከንድ ይዞ እንደሚቆይ ይወስናል። ሳይጻፍ ከቀረ ለፋይሎች ከ3 እስከ 60 ሰከንድ፣ ለፎልደሮች ከ30 እስከ 60 ሰከንድ ነው። በወር አንድ ጊዜ የሚለወጡ ቅጾች ላሉበት ፎልደር፣ በተለይ ቅርንጫፍ ቢሮው ከሰርቨሩ ጋር የሚገናኘው በቀርፋፋ መስመር ከሆነ፣ 300 ሰከንድ ማድረግ ፎልደሩን በከፈቱ ቁጥር የሚሄደውን የጥያቄ ብዛት በእጅጉ ይቀንሳል። ዋጋው አዲስ የተጨመረ ቅጽ በሌላው ኮምፒውተር ላይ እስከ አምስት ደቂቃ ዘግይቶ ሊታይ መቻሉ ነው። ብዙ ሰው በአንድ ጊዜ በሚጽፍበት ፎልደር ላይ ይህን አያድርጉ።

ሃርድ ወይስ ሶፍት

ከሁሉም አማራጮች ይልቅ በሰነዶቹ ደኅንነት ላይ የሚወስነው ይህ ስለሆነ ዘርዘር አድርጎ ማየት ተገቢ ነው። ሃርድ በሆነ ማውንት ላይ ሰርቨሩ መልስ ካልሰጠ ክላየንቱ ጥያቄውን ያለማቋረጥ ይደግማል፤ ፋይሉን የከፈተው ፕሮግራምም ሰርቨሩ እስኪመለስ ቆሞ ይጠብቃል። ሶፍት በሆነ ማውንት ላይ ግን የተወሰነ ጊዜ ከተሞከረ በኋላ ለፕሮግራሙ የስህተት መልስ ይሰጠዋል። ሁለተኛው ላይ ላዩን ሲታይ የተሻለ ይመስላል፤ ስክሪኑ አይቆምም። ነገር ግን አብዛኞቹ ፕሮግራሞች በጽሕፈት መካከል የሚመጣን ስህተት በሚገባ አያስተናግዱም፤ አንዳንዶቹም ጨርሶ አይመለከቱትም። ውጤቱ ግማሹ የተጻፈ የሒሳብ መዝገብ ወይም የማይከፈት ሰነድ ነው፤ ተጠቃሚው ደግሞ ይህን የሚያውቀው ከሳምንታት በኋላ ፋይሉን ሲፈልገው ነው።

መብራት በሚቆራረጥበት አካባቢ ይህ ጉዳይ የየዕለት ነው። መብራቱ ሲጠፋ ላፕቶፖቹ በባትሪያቸው ይቀጥላሉ፤ ሰርቨሩ ወይም ስዊቹ ግን የባትሪ ድጋፍ ከሌለው ጄኔሬተሩ እስኪነሳ ድረስ ይጠፋል። ሃርድ በሆነ ማውንት ላይ እየጻፈ የነበረ ሠራተኛ ፕሮግራሙ ለጥቂት ደቂቃዎች ይቆምበታል፣ ሰርቨሩ ሲመለስ ግን ሥራው ካቆመበት ይቀጥላል። ሶፍት በሆነው ላይ የነበረው ሥራውን ያጣል። በእኔ አመለካከት ሰው የሚጽፍበት ፎልደር በማንኛውም ሁኔታ ሶፍት መሆን የለበትም፤ የናሙናው ፋይል ራሱም በአስተያየቱ ውስጥ ሃርድን አጥብቆ ይመክራል።

ከርነሉ ያለ ምንም ጽሑፍ ሃርድን ስለሚመርጥ በምሳሌው ውስጥ አልተጻፈም። ለንባብ ብቻ ለሆነ ፎልደር፣ ለምሳሌ ለቅጾቹ፣ መቆምን ለማስቀረት ሶፍት ማድረግ ከፈለጉ በማውንት ቦታው ክፍል ውስጥ ብቻ «ሶፍት=ትሩ» ብለው ይጨምሩ።

ከዚህ ጋር የሚሄደው ታይምኦ በአሥረኛ ሰከንድ እንጂ በሰከንድ አይቆጠርም። «ታይምኦ=30» ብሎ ሠላሳ ሰከንድ የጻፈ የመሰለው ሰው የጻፈው ሦስት ሰከንድ ነው። በቲሲፒ ላይ ነባሪው 600፣ ማለትም አንድ ደቂቃ ሲሆን፣ ከእያንዳንዱ ድጋሚ ሙከራ በኋላ የመጠበቂያው ጊዜ በዚያው መጠን ይጨምራል። ከድሮ ጽሑፎች እየተገለበጠ እስካሁን በብዙ ኤፍኤስታቦች ውስጥ የሚገኝ አንድ መስመር አለ፦ «አርሳይዝ=8192,ደብሊውሳይዝ=8192,ታይምኦ=14,ኢንተር»። ይህ ኤንኤፍኤስ ከቲሲፒ ይልቅ በዩዲፒ ይሄድ በነበረበት ዘመን ትርጉም ነበረው፤ ዛሬ ግን ስምንት ኪሎባይቱ ፍጥነት ይገድላል፣ 1.4 ሰከንዱም ትንሽ የተጨናነቀ ኔትወርክን እንደጠፋ ያስቆጥረዋል። ኢንተር ደግሞ ከ2.6.25 ከርነል ወዲህ ችላ የሚባል ነው፤ በሃርድ ማውንት ላይ የቆመ ፕሮግራም ያለ እርሱም በ«ኪል -9» ሊቋረጥ ይችላል። መስመሩን ባገኙበት ሁሉ አራቱንም ያጥፉ።

አራተኛ ደረጃ፦ ኤፍኤስታብን ማጽዳት

ሁሉም አማራጭ ወደ አዲሱ ፋይል አይዛወርም። ስለ ኤንኤፍኤስ ፕሮቶኮሉ የሚናገሩት፣ ማለትም ስሪት፣ መጠን፣ ጊዜና ካሽ (ክላየንቱ ለጊዜው ይዞ የሚያቆየው ቅጂ)፣ እዚያ ይገባሉ። ኮምፒውተሩ ሲነሳ ማውንቱ መቼና እንዴት እንደሚፈጸም የሚወስኑት ግን በ/ኢቲሲ/ኤፍኤስታብ መቅረት አለባቸው፤ እነርሱን የሚያነባቸው ሲስተምዲ (ኮምፒውተሩ ሲነሳ አገልግሎቶቹን የሚያስጀምረው ፕሮግራም) ነው፣ ሲስተምዲ ደግሞ የኤንኤፍኤስማውንት ፋይሉን አያይም። ጸድቶ የቀረው መስመር ይህን ይመስላል፦

ማህደር:/ዳታ/ሰነድ /ኤምኤንቲ/ሰነድ ኤንኤፍኤስ _ኔትዴቭ,ኖፌይል,ኤክስ-ሲስተምዲ.አውቶማውንት,ኖሱይድ,ኖዴቭ 0 0

«_ኔትዴቭ» ማውንቱ ኔትወርክ እስኪነሳ እንዲጠብቅ ያደርጋል። «ኖፌይል» ሰርቨሩ ባይገኝም ኮምፒውተሩ መነሳቱን እንዲቀጥል ያደርጋል፤ ይህ የሌለው ኮምፒውተር ሰርቨሩ በጠፋበት ጠዋት ወደ ጥገና ሁነታ ሊገባ ይችላል። «ኤክስ-ሲስተምዲ.አውቶማውንት» ፎልደሩ በኮምፒውተሩ መነሻ ላይ ሳይሆን ሰው ሲከፍተው ማውንት እንዲደረግ ያዛል፤ ከመብራት መጥፋት በኋላ ላፕቶፖቹ ከሰርቨሩ ቀድመው ሲነሱ ልዩነቱ ይታያል። ለዚሁ ዓላማ ድሮ «ቢጂ» የሚባለውን አማራጭ የሚጠቀሙ ነበሩ፤ መጠቀም ከፈለጉም በኤፍኤስታብ ውስጥ ይጻፉት፤ እዚያ ሲሆን ሲስተምዲ አይቶ በራሱ ሥርዓት ይተረጉመዋል። «ኖሱይድ» እና «ኖዴቭ» ከሰርቨሩ የመጣ ፋይል በክላየንቱ ላይ የሩት ሥልጣን እንዳያገኝ ስለሚከላከሉ ሳይቀሩ መጻፍ አለባቸው፤ ለዓይን እንዲታዩም በኤፍኤስታብ ውስጥ መሆናቸውን እመርጣለሁ።

ስለ ደኅንነት አንድ ነገር ልጨምር። ከላይ በውጤቱ ላይ የታየው «ሴክ=ሲስ» ሰርቨሩ ክላየንቱ የሚልከውን የተጠቃሚ ቁጥር እንዳለ ያምናል ማለት ነው፤ በኔትወርኩ ላይ የራሱን ኮምፒውተር መሰካት የሚችል ሰው የፈለገውን ቁጥር ሊልክ ይችላል። ከርቤሮስ (በኔትወርክ ላይ የተጠቃሚን ማንነት የሚያረጋግጥ ሥርዓት) የተዘጋጀለት ድርጅት በሰርቨሩ ክፍል ውስጥ «ሴክ=ኬአርቢ5ፒ» ብሎ መጻፍ ይችላል፤ ይህ ማንነትን ያረጋግጣል፣ የሚተላለፈውንም ይመሰጥራል። ምስጠራው ፍጥነት ላይ ዋጋ አለው፤ የደመወዝና የሕክምና መዝገብ ላለበት ፎልደር ግን ዋጋው መከፈል ያለበት ነው።

የኤስኤምቢ (የዊንዶውስ ፎልደር ማጋሪያ ሥርዓት) ማውንቶች ካሉዎት ይህን የመሰለ የነባሪዎች ፋይል ስለሌላቸው አማራጮቻቸው በኤፍኤስታብ መስመራቸው ይቀራሉ።

አምስተኛ ደረጃ፦ ተግባራዊ ማድረግና ማረጋገጥ

ኤፍኤስታብን ካስተካከሉ በኋላ «ሲስተምሲቲኤል ዴሞን-ሪሎድ» ያስኪዱ፤ አለበለዚያ ሲስተምዲ የሚሠራው በቀድሞው መስመር ነው። ከዚያ ማውንቱን ፈትተው እንደገና ያስሩት። «ሪማውንት» በሚለው አማራጭ ለመገላገል መሞከር አይበጅም፤ እንደ ስሪትና የንባብ መጠን ያሉ አማራጮች በቆመ ማውንት ላይ አይለወጡም። ፎልደሩ በሥራ ላይ ነው የሚል መልስ ከመጣ «ፉዘር -ቪኤም /ኤምኤንቲ/ሰነድ» ብለው ማን እንደያዘው ይዩና ባለቤቱን አነጋግረው ያስዘጉ፤ «ዩማውንት -ኤል» ፎልደሩን ከዓይን ይሰውረዋል እንጂ የከፈቱትን ፕሮግራሞች አያላቅቅም።

መጀመሪያ በእጅ፣ ዝርዝር መልእክት እያወጡ ማውንት ማድረግ ይጠቅማል። «ማውንት -ቪ /ኤምኤንቲ/ሰነድ» ሲሉ ፕሮግራሙ የሚሞክራቸውን አማራጮች በጽሑፍ ያሳያል፤ ከእርስዎ ፋይል የመጡት በዚያ መስመር ውስጥ ካሉ ፋይሉ ተነቧል ማለት ነው። ከሌሉ የሰርቨሩ ስም ወይም የራስጌው አጻጻፍ አልገጠመም። ከዚያም «ኤንኤፍኤስስታት -ኤም» ብለው መጀመሪያ ካስቀመጡት ጋር መስመር በመስመር ያነጻጽሩ። ፋይሉ ምንም ይበል ምን፣ የመጨረሻው ማስረጃ ይህ ውጤት ነው።

በዚህ ደረጃ ላይ ብዙ ሰው ግራ የሚያጋባ ነገር ይገጥመዋል፦ ለሁለት የማውንት ቦታዎች የተለያየ አማራጭ ጽፎ ሳለ ሁለቱም አንድ ዓይነት ሆነው ያገኛቸዋል። ምክንያቱ የካሽ መጋራት ነው። ሁለቱ ቦታዎች የሚያያይዙት ከሰርቨሩ ላይ ያንኑ የተጋራ ፎልደር ከሆነ ከርነሉ አንድ ካሽ ይጠቀምላቸዋል፤ ያን ጊዜ የሚጸናው መጀመሪያ ማውንት የተደረገው አማራጭ ነው። ስለዚህ በእኛ ምሳሌ ቅጾቹ በሰርቨሩ ላይ ራሳቸውን ችለው ካልተጋሩና ከሰነዶቹ ጋር በአንድ ከሆኑ 300 ሰከንዱ ላይሠራ ይችላል፤ ወይም በተገላቢጦሹ ቅጾቹ ቀድመው ከታሰሩ ሰነዶቹም 300 ሰከንድ ይሆናሉ፤ የከፋው ይህ ነው። «ኖሼርካሽ» የሚባለው አማራጭ ካሹን ይለያል፤ ሆኖም አንድ ፋይል በሁለት ካሽ ውስጥ በተለያየ መልክ እንዲቆይ ስለሚያደርግ ትክክለኛው መፍትሔ በሰርቨሩ ላይ ፎልደሮቹን ለይቶ ማጋራት ነው። ኤንኮኔክትም ተመሳሳይ ጠባይ አለው፤ ወደ አንድ ሰርቨር የመጀመሪያው ማውንት የከፈተውን የመስመር ብዛት ቀጣዮቹ ይጋሩታል። በመሆኑም ይህን ቁጥር ሲለውጡ የዚያን ሰርቨር ማውንቶች ሁሉ ፈትተው እንደገና ማሰር ይኖርብዎታል።

ስድስተኛ ደረጃ፦ መቋረጥን አስመስሎ መሞከር

ነባሪዎቹ ትክክል መሆናቸው የሚታወቀው ሰርቨሩ ሲጠፋ ስለሆነ ያንን ቀን ሳይጠብቁ በአንድ የሙከራ ኮምፒውተር ላይ ይሞክሩት። ዋጋ የሌለው ትልቅ ፋይል ወደ /ኤምኤንቲ/ሰነድ መቅዳት ይጀምሩ፤ በመካከል በኮምፒውተሩ ፋየርዎል ላይ ወደ 2049 ፖርት የሚወጣውን ግንኙነት ይዝጉ። ቅጂው ይቆማል። በሌላ ተርሚናል «ዲሜሴጅ» (በላቲን dmesg) ሲሉ ከጥቂት ጊዜ በኋላ ሰርቨሩ መልስ እንደማይሰጥና ሙከራው እንደቀጠለ የሚገልጽ መልእክት ያገኛሉ፤ ማውንቱ ሶፍት ቢሆን ኖሮ በመልእክቱ መጨረሻ «እየሞከርኩ ነው» በሚለው ፈንታ «ጊዜው አልፏል» የሚል ይመጣ ነበር። አምስት ደቂቃ ያህል ጠብቀው ፖርቱን ይክፈቱ። ሰርቨሩ መመለሱን የሚናገር መልእክት ይወጣል፣ ቅጂውም ካቆመበት ይቀጥላል። ሲያልቅ የሁለቱን ፋይሎች ልክነት በ«ሻ256ሰም» ያነጻጽሩ፤ ቁጥሮቹ አንድ ካልሆኑ የሆነ ቦታ ሶፍት ተጽፏል።

ሰርቨሩ ራሱ ጠፍቶ ሲነሳ ግን መመለሱ ከዚህ ሊዘገይ ይችላል። አራተኛው ስሪት ክላየንቶች ቀድሞ የያዟቸውን የፋይል ቁልፎች (ሌላው እንዳይጽፍ የሚከለክሉትን ሎኮች) መልሰው እንዲያስመዘግቡ ጊዜ ይሰጣል፤ በሊኑክስ ሰርቨር ላይ ይህ በነባሪው 90 ሰከንድ ነው። በዚህ ጊዜ ውስጥ አዲስ ፋይል ለመክፈት የሚሞክር ሰው ይጠብቃል። ይህን ለሠራተኞቹ አስቀድመው ይንገሯቸው፤ ያልተነገረው ሰው ኮምፒውተሩን በኃይል ያጠፋዋል፣ ገና በኮምፒውተሩ ሚሞሪ ውስጥ የነበረው ያልተጻፈ ሥራም አብሮ ይጠፋል።

ሙከራው ሲሳካ ፋይሉን ወደ ቀሩት ኮምፒውተሮች ይላኩ፤ አንሲብል (ብዙ ኮምፒውተሮችን በአንድነት የሚያስተካክል ፕሮግራም) ካለዎት በእርሱ፣ ከሌለም በ«ኤስሲፒ» ይበቃል። በፋይሉ አናት ላይ በመሰላል ምልክት ጀምረው የተጻፈበትን ቀንና የጻፈውን ክፍል ያስገቡ፤ ከእያንዳንዱ አማራጭ በላይም ለምን እንደተመረጠ በአንድ መስመር ይጻፉ። በእያንዳንዱ ኮምፒውተር ላይ ማውንቶቹ ተፈትተው ከታሰሩ በኋላ የ«ኤንኤፍኤስስታት -ኤም» ውጤታቸውን በአንድ ፎልደር ይሰብስቡና በ«ዲፍ» ያወዳድሩ፤ ሊለያዩ የሚገባቸው የየኮምፒውተሩ አድራሻዎች ብቻ ናቸው፤ ሌላ ልዩነት የታየበት ኮምፒውተር ኤፍኤስታቡ ገና አልጸዳም።